መልእክቱ ደርሷል፤ ዝም ላለው ሰውስ ማን ይደውልለት?

«ውድ ደንበኛችን፣ የክትትል ቀጠሮዎ ነገ ስለሆነ በሰዓቱ እንዲገኙ እናሳስባለን።»

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለ መልእክት ከክሊኒክ ወይም ከጤና ጣቢያ በስልካችሁ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ለእኔም ይደርሰኛል። በነርስነት ስሠራም እኔው ራሴ ለብዙ ሰው ልኬአለሁ። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚህች አጭር መልእክት ነው። ጠቃሚ ናት፤ መጥላት አይገባም። ግን አንድ ጉድለት አለባት፤ ትናገራለች እንጂ አትሰማም። ይህን ባለማወቃቸው አንዲት ጎረቤቴ ሁለት የእግር ጣቶቻቸውን አጥተዋል።

«ነግሬአቸው ነበር እኮ»

የጎረቤቴን ስም አልጠራም። በካዛንቺስ ሰፈራችን ግን ትንሹም ትልቁም «እትዬ» ነበር የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ለዓመታት ክትትላቸውን አንድ ቀን ሳያጎድሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ቀጠሮ ባላቸው ቀን በጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሲወጡ አያቸው ነበር። ለእሳቸው ክሊኒኩ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ጎረቤት ከጎረቤት ተለያየ። ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ፣ ሌሎችም ወደየአቅጣጫው ሄዱ። እትዬም ከልጃቸው ቤተሰብ ጋር ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ። ክትትላቸውን ግን አልቀየሩም። «ሐኪሙ ያውቀኛል፤ ካርዴም እዚያ ነው» ይሉ ነበር። የአሥር ደቂቃው መንገድ ታክሲ እየቀያየሩ የሚሄዱበት የግማሽ ቀን ጉዞ ሆነ።

ከዕለታት አንድ ቀን እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። ጫማ ልጦኝ ነው ብለው ናቁት። ስኳር የቆየበት ሰው እግሩ ይደነዝዛል፤ ቁስሉ ቢብስም ሕመሙ እምብዛም አይሰማውም። እንዳያነክሱ በጨርቅ ጠቅልለው ተቀመጡ። በዚህ መሐል የቀጠሮው መልእክት መጣ። የ12 ዓመት የልጅ ልጃቸው አነበበላቸው።

«እስቲ መልስ ጻፍልኝ» አሉት። «እግሬ ቆስሏል፤ ታክሲ መያዝ አልቻልኩም፤ ምን ላድርግ? በልልኝ።»

ልጁ እንዳሉት ጽፎ ላከ። መልስ አልመጣም። በማግስቱ ደገመው። ከሳምንት በኋላ «ቀጠሮዎ አልፏል፤ እባክዎ ይምጡ» የሚል ሁለተኛ መልእክት ሲመጣ ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈ። አሁንም መልስ የለም።

እኔ የደረስኩት ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ ነው። ከድሮው እድራችን ሴቶች ጋር ልንጠይቃቸው ሄደን ቡና ሊፈላ ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለው ሽታ ነገረኝ። በነርስነት የሠራ ሰው ያንን ሽታ አይረሳውም። ጨርቁን ስፈታው ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል።

«እትዬ፣ ምነው ዝም አሉ?» አልኳቸው። ድምፄን ሳልቆጣጠረው ከፍ ብሎ ነበር።

«ምን ዝም እላለሁ ሲስተር፣ ነግሬአቸው ነበር እኮ» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ነው ያስጻፍኩት። የሚያሰጋ ቢሆን ኖሮ ይጠሩኝ ነበር ብዬ ነው የተቀመጥኩት።»

የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ገቡ። እግራቸው ተረፈ፤ ሁለቱ ጣቶች ግን ተቆረጡ። ሐኪሞቹ ጥቂት ቀን ቢዘገይ እግሩም ይሄድ ነበር ብለውናል።

ልጁን ምን እንደ ሆነ ጠይቄ ስልኩን አየሁት። ሦስቱም መልእክቶች እዚያው አሉ። የላካቸው መልእክቱ ወደ መጣበት አጭር ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር በኩል የሚያነብ ሰው የለም።

ኮምፒውተሩ ይልካል፤ አይቀበልም

ይህን አሠራር ብዙ ሰው ስለማያውቀው በቀላል ቋንቋ ላስረዳ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ስልክ ቁጥራችሁንና የቀጠሮ ቀናችሁን ኮምፒውተር ላይ ይመዘግባል። ቀኑ ሲቃረብ ኮምፒውተሩ በራሱ መልእክቱን ያወጣል። በዚያን ቀን ቀጠሮ ላላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይሄዳል፤ የሚለወጠው ስምና ቀን ብቻ ነው። ላኪው ብዙ ጊዜ አራት አኃዝ ያለው አጭር ቁጥር ወይም የድርጅቱ ስም ነው። መንገዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነው። ወደዚያ ቁጥር መልስ ብትጽፉ ወይ አይሄድም፣ ወይ ማንም በማይከፍተው ሣጥን ውስጥ ይወድቃል።

ክሊኒኮች ይህን የመረጡት በክፋት አይደለም። ርካሽ ነው፤ ሰው አይፈልግም። አንድ ነርስ ሃምሳ ሰው ለማስታወስ ሃምሳ ጊዜ ትደውል ብትባል የቀኑ ሥራዋ እዚያው ያልቃል። ኮምፒውተሩ ግን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

ደግሞም ይሠራል። በአገራችን የተደረገ ጥሩ ምሳሌ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጎንደር ከተማ ጤና ጣቢያዎች 434 እናቶችን ከነሕፃኖቻቸው በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ለግማሾቹ የክትባት ቀጠሮ ሲቃረብ አስታዋሽ መልእክት ይላክላቸው ነበር፤ ግማሾቹ እንደ ወትሮው በካርዳቸው ብቻ ቀጠሉ። ውጤቱ በ2013 ዓ.ም. ታትሟል። መልእክት ከደረሳቸው ከ100 ሕፃናት ወደ 83 የሚሆኑት ክትባታቸውን ሲጨርሱ፣ ካልደረሳቸው መካከል የጨረሱት 71 ገደማ ነበሩ። በወቅቱ መከተብን ስናይ ልዩነቱ ይሰፋል፤ ከ100 ወደ 63 እና 38 ገደማ ነው።

ይህ ለምን ሆነ ብትሉ የሕፃን ክትባት አቆጣጠር ለደከመች እናት ቀላል ስላልሆነ ነው። እንደ ተወለደ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር፣ በ15 ወር። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚመጡ አይረሱም። ከ14 ሳምንት በኋላ ግን እስከ 9 ወር ድረስ ረጅም ዝምታ አለ። ኩፍኝ የሚከተቡበት ቀጠሮ የሚረሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ጤነኛ ልጅ ላላት፣ ጤና ጣቢያውም ቅርቧ ለሆነ እናት የሚያስፈልጋት አስታዋሽ ብቻ ነው። ለእሷ የአንድ አቅጣጫው መልእክት በቂ ነው።

እትዬ ግን ቀጠሮአቸውን አልረሱም ነበር። የሚያስፈልጋቸው አስታዋሽ ሳይሆን ሰሚ ነበር።

ጠፊ ፍለጋ

እኔ ሥራ ስጀምር ሞባይል የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒቱን ለመውሰድ ከቀረ «ጠፊ» ብለን በመዝገብ እናሰፍረውና ፍለጋ እንወጣ ነበር። አድራሻው ቢበዛ «ከኡራኤል ወደ ታች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» የሚል ነው። ለሱቅ ልጅ፣ ለጠላ ሻጭ፣ ለእድር ጸሐፊ እየጠየቅን እንደርሳለን።

አድካሚ ነበር። ግን ደጁ ላይ ስንደርስ ሰውየው ለምን እንደ ቀረ ሳይነግረንም እናውቃለን። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ መድኃኒቱን በባዶ ሆድ መዋጥ አቅቶታል። ወይም ሚስቱ ወልዳለች። ወይም አከራዩ አስወጥቶት ሄዷል። ያ ጉዞ መልእክት ማድረሻ ብቻ ሳይሆን መልስ መቀበያም ነበር።

ኋላ ስልክ መጣ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ ቆይቶ፣ ለሚሌኒየሙ መባቻ ሲመለስ ሁላችንም ደስ አለን። እሠራበት በነበረው ቦታ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ካርድ ለጠፉት ሰዎች እጽፍ ጀመር። «ሰላም ነዎት? ሰኞ ጠብቀንዎት ነበር» እያልኩ። ሰዎቹ ይመልሱልኛል። አንዳንዱ ሚስድ ኮል ያደርጋል፤ አንዳንዱ ሌሊት ይደውላል። «ሲስተር፣ መድኃኒቱ አስመለሰኝ» ይላል፤ «ሲስተር፣ ለታክሲ የለኝም» ይላል። ባለቤቴ «ይህ ስልክ የቤት ነው የጤና ጣቢያ?» እያለ ያጉረመርም ነበር።

ከዚያ ኮምፒውተሩና አጭሩ ቁጥር መጡ። የእኔ ስልክ ዝም አለ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። ሌሊት መተኛት ጀመርኩ። ዝምታውን ሁሉም ነገር ደኅና ስለሆነ የመጣ አድርጌ ቆጠርኩት። አሁን ከእትዬ እግር በኋላ ወደ ኋላ ሳስበው የቆመው ችግሩ እንዳልነበረ ይገባኛል። ችግሩ ወደ እኔ የሚደርስበት መንገድ ነበር የተዘጋው። በእነዚያ ዓመታት ማን ምን ብሎ ጽፎ መልስ እንዳጣ የማውቀው ነገር የለም፤ ይህ አሁን ድረስ ይከነክነኛል።

ኬንያውያን የጠየቁት ጥያቄ

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጥሩ ትምህርቶች አሉ። ሁለቱም የተሠሩት የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው።

አንደኛው በምዕራብ ኬንያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ነው። መልእክቱ የአንድ አቅጣጫ አስታዋሽ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ከደረሳቸው መካከል 53 በመቶዎቹ መድኃኒታቸውን በአግባቡ ሲወስዱ፣ መልእክት ካልደረሳቸው ይህን ያደረጉት 40 በመቶ ነበሩ። በየቀኑ የደረሳቸው ግን ጥቅም አላገኙበትም። በየቀኑ የሚጮህ ደወል ጆሮ ይለምደዋል። እኛም ብንሆን በቀን አሥር የዕጣና የማስታወቂያ መልእክት እየመጣብን ከአጭር ቁጥር የመጣውን ሁሉ ሳናነብ የምናጠፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ነው። 538 ታካሚዎች ተሳትፈውበታል። ነርሷ ለግማሾቹ በሳምንት አንድ ጊዜ የምትልከው አንድ ቃል ነበር፤ «ማምቦ?» በስዋሂሊ እንደኛ «እንዴት ነህ? ሰላም ነው?» እንደ ማለት ነው። ስለ መድኃኒት፣ ስለ በሽታ አንድም ቃል የለበትም። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ ወይ «ሳዋ» ይላል፤ ደኅና ነኝ ማለት ነው። ወይ «ሺዳ» ይላል፤ ችግር አለብኝ ማለት ነው። «ሺዳ» ላለው ነርሷ ትደውልለታለች።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ምንም ላልመለሰም ትደውልለታለች። ዝም ያለ ሰው ደኅና ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ዝምታው ራሱ እንደ መልስ ይቆጠራል። መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት መልእክት ከደረሳቸው 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ሆነው ተገኙ።

ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2014 ለነፍሰ ጡሮች ባቋቋመችው ሞምኮኔክት በተባለ አገልግሎት እናቶቹ እንደ እርግዝናቸው ወር ምክር ሲደርሳቸው፣ ጥያቄ ካላቸው መልሰው የሚጽፉበትና ሰው የሚያነብበት ክፍል አብሮ ተሠርቷል። እኛም ብንሆን ሰሚ ያለውን ስልክ አናውቀውም አይባልም። ወገን በሚል ስም የሚታወቀው 952 ነፃ መስመር ስለ ኤችአይቪ መጠየቅ ላፈረ ስንት ወጣት ጆሮ ሆኖለታል።

በራሳችን ፊደል፣ በራሳችን ሰዓት

መልእክቱ ሰሚ ባይኖረው እንኳ ቢያንስ የሚነበብ መሆን አለበት። እዚህ ላይ የእኛ አገር የራሱ ችግሮች አሉት።

የመጀመሪያው ፊደሉ ነው። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፤ ወጪውም እጥፍ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ብዙ ድርጅት አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። ለወጣት ይቀል ይሆናል። ለእኛ ዕድሜ ግን «መጣ» እና «መታ» አንድ ዓይነት ሆነው ሲጻፉ ማንበብ ጣጣ ነው። አሮጌ ስልኮች ደግሞ የአማርኛውን ፊደል ትተው ባዶ ሣጥን ብቻ ይደረድራሉ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥርና «8:30» ብሎ ይልካል። የእኛ ሰው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ምሳውን በልቶ ይመጣል። የተቀጠረው ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። በአንድ ክሊኒክ በር ላይ እንዲህ ሆነው፣ ፆማቸውን ለደም ምርመራ የዋሉ አዛውንት «ነገ ተመለስ» ሲባሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሦስተኛው ቀኑ ነው። «05/06» ተብሎ ቢጻፍ የካቲት 5 ነው? ወይስ በፈረንጆቹ ጁን 5፣ ማለትም ግንቦት 28 ነው? የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

አራተኛው ምስጢር ነው። በእኛ ቤት ስልክ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ልጅ ጌም ይጫወትበታል፤ ባል ያነሣዋል፤ አማት ታየዋለች። መልእክቱ የበሽታ ስም ወይም የመድኃኒት ስም ካለበት አንድ ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ኬንያዊቷ ነርስ «ሰላም ነው?» ብቻ ብላ የጻፈችው ጠቢብ ሆና ነው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቆ መጻፍ ከባድ አይደለም። «ቀጠሮዎ ማክሰኞ ጥር 19 ጠዋት 3 ሰዓት። ካልቻሉ ይደውሉ፦» ብሎ የሰው ስልክ ቁጥር ቢጨመርበት ከነቁጥሩ 50 ምልክት እንኳ አይሞላም። በአንድ መልእክት ውስጥ ይገባል፤ በሽታም አይጠራም፤ ሰዓቱም አያሳስትም። ዋናው ነገር ያ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩም ሲደወል የሚነሣ መሆን አለበት።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ክሊኒኮች አሠራራቸውን እስኪያሻሽሉ ድረስ እኛ ቤተሰቦች ልናደርገው የምንችለው አለ። ከእትዬ ወዲህ ለማገኘው ሁሉ የምነግረውን እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ቀጠሮ ስታስይዙ ካርድ ክፍሉን «መልእክት ትልካላችሁ? መልስ ብጽፍስ የሚያነብ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የለም ካሏችሁ «ታዲያ ብቸገር የምደውለው በየትኛው ቁጥር ነው?» በሉ። ቁጥሩን ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ፣ በትልቁ አስጽፉ። ከመውጣታችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ደውላችሁ ሞክሩት።

ሁለተኛ፣ ካርዱ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደ ሆነ አረጋግጡ። ከካዛንቺስ የተነሣን ሰዎች ቤታችንን ብቻ ሳይሆን ብዙ ነገር ቀይረናል። በካርዱ ላይ ያለው የሟች ባል ቁጥር፣ የጠፋ ሲም ቁጥር ወይም ዐረብ አገር የሄደች ልጅ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ለክሊኒኩ ማሳወቅ አድራሻን ከማሳወቅ አይተናነስም። ሁለተኛ ቁጥር የሚያስመዘግብ ቦታ ከሆነ የልጃችሁን ቁጥር ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ በየቤቱ አንድ ኃላፊ ይኑር። የአያትን መልእክት የሚያነበው ሕፃን ልጅ ከሆነ፣ መልእክቱን ለእናቱ ወይም ለአባቱ እንዲናገር አስተምሩት። የእትዬ የልጅ ልጅ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ጥፋት የለበትም። አያቱ እንዳይጨነቁ ብሎ ለእናቱ ሳይነግራት ነው የቀረው። ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። ልጅ ሊሸከመው የማይገባ ነገር ነበር።

አራተኛ፣ መልስ ሲጠፋ «አይተውታል፤ ቢያሰጋ ይጠሩኝ ነበር» አትበሉ። የክሊኒክ ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ምክርም አይደለም። አንድ ቀን ጠብቃችሁ ካልመለሱ ደውሉ፤ ካላነሡ ሰው ላኩ፤ ሰው ከሌለ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካርዴ ሌላ ቦታ ነው ብላችሁ አትቅሩ።

አምስተኛ፣ ከቀጠሮ ቀን የማይጠብቁ ነገሮች አሉ። ስኳር ላለበት ሰው የእግር ቁስል፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የዕለቱ ጉዳይ ነው። ማታ ማታ እግራችሁን በብርሃን እዩ፤ ካልታያችሁ የልጅ ልጅ ይይላችሁ። የነፍሰ ጡር ደም መፍሰስ፣ ድንገተኛ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል፣ የደረት ሕመም፣ ጡት መጥባት ያቆመ ሕፃን፤ እነዚህ መልእክት የሚጻፍባቸው አይደሉም። ተነሥቶ መሄድ ነው።

ለክሊኒክ ባለቤቶችና ለሥራ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ሁሉን ታካሚ ደውሉለት አልልም፤ እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን መልእክት ተልኮላቸው ያልመጡትን ሰዎች ዝርዝር ኮምፒውተሩ ራሱ ያወጣዋል። ያ ዝርዝር የድሮው የጠፊዎች መዝገብ ነው። በቀን ከላዩ አምስት ሰው፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸውን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ የነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱትን አስቀድሞ ቢደወልላቸው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። እትዬ በዚያ ዝርዝር ላይ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተልኮላቸው ሁለት ጊዜ ቀርተዋል፤ ለዓመታት አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁ ሰው። ይህን ያየ አንድ ሰው «ምነው?» ብሎ ቢደውል ጣቶቹ ይተርፉ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን እትዬ ክትትላቸውን በሰፈራቸው አቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ አዛውረዋል። «ሐኪሙን ማስለመድ አለብኝ» እያሉ ነው። ካርዳቸው ጀርባ ላይ የልጅ ልጃቸው በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቁጥር ጽፏል፤ አንዱ የጤና ጣቢያው፣ ሌላው የእኔ ነው። ባለፈው እሑድ ማታ ስልኬ ጠራ። ልጁ ነው።

«ሲስተር፣ አያቴ ደኅና ናት። እግሯን አይቼዋለሁ፤ ምንም የለም። ደኅና ስትሆንም ደውል ስላልሽኝ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ ከሶፋው ላይ «ደግሞ ተጀመረ» አለ። ሬዲዮውን ግን እንድሰማ ብሎ ቀነሰልኝ።